ድልድይ ለምን እንደሌለን ያነበብንበት ዓመት

የአገራችንን ስም ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፣ ባልነግራችሁም መሳቃችሁ አይቀርም፤ ስለዚህ ስሙን ልተወው። ከተማችን ገደል አፋፍ ላይ ናት። ከገደሉ ሥር ወንዝ አለ፣ ክረምት ሲገባ እንደ ሰካራም ባል እየጮኸ የሚመጣ። በጋም ቢሆን ፍየል እንኳ አይወርደውም። አንድ ድልድይ ነበረን፤ ሐምሌ ላይ ጎርፉ መሀሉን ይዞት ሄደ። ከወዲህ አንድ የድንጋይ እግር፣ ከወዲያ አንድ የድንጋይ እግር ቀረና እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች ይተያዩ ጀመር።

እኔ ወርቅያንጥፉ እባላለሁ። አራት ልጆች ወልጄ፣ አሳድጌ፣ ድሬያለሁ፤ ክብሩ ይስፋ። ሦስቱ በየፊናቸው ሄደዋል። የመጨረሻዋ እንዳሻሽ ግን ወንዙን ተሻግራ ነው ያገባችው፤ ድልድዩ እያለ የቤቷን ጭስ አይቼ ምሳ ምን እንደሠራች እገምት ነበር። ድልድዩ ሲሄድ ልጄ አሥራ አንድ ቀን ራቀችብኝ። በምንጩ በኩል ዞሮ መሄድ በበቅሎ አሥራ አንድ ቀን ይፈጃል፣ ያውም ጉልበት ላለው። የኔን ጉልበት ፈጣሪ ያውቀዋል።

ከተማው ዝም አላለም። ወንዶቹ ደን ወጥተው ሦስት ወፋፍራም የዝግባ ግንድ ቆረጡ። ግንዱ በሁለቱ የድንጋይ እግሮች መሀል ልክ ተለክቶ፣ ተጠርቦ፣ ከነሳንቃው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተደረደረ። የቀረው ፈቃድ ብቻ ነበር። በእኛ አገር ያለ ፈቃድ ወንዝ ላይ ግንድ ማጋደም ክልክል ነው፤ ወንዙ ግን ያለ ፈቃድ ድልድይ መውሰድ ይችላል። ስለዚህ ለዕድገት ቤት ደብዳቤ ጻፍን። ዕድገት ቤት ማለት ዋናው ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገር እንዴት እንደሚያድግ የሚያስብ መሥሪያ ቤት ነው። ሲያስብ ሰነበተና ጥቅምት ላይ መልሱ ደረሰን።

መልሱ በስድስት በቅሎ የተጫነ አርባ መጽሐፍ ነበር።

አርባውም አንድ ዓይነት ነው። ርዕሱ ብቻ ሦስት መስመር ይሆናል። ስድስት መቶ አርባ ገጽ አለው፤ እኔ መጀመሪያ ሳየው ለትራስ የወፈረ፣ ለመቀመጫ የቀጠነ መስሎኝ ነበር። የጻፉት ታላላቅ ሊቃውንት ናቸው አሉ፤ የጻፉትም እንደኛ ያሉ ከተሞች ለምን ድልድይ እንደማይኖራቸው ነው። ከመጽሐፉ ጋር የመጣው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ድልድይ ለምን እንደሌለው ያልገባው ሕዝብ ድልድይ ቢሠራ መልሶ ያጣዋል። አስቀድማችሁ አንብቡ። ሲገባችሁ መርማሪ መጥቶ መግባቱን ያረጋግጥና ፈቃድ ይሰጣል።»

እውነቱን ለመናገር መጽሐፉ መጥፎ አልነበረም። ባሕር ማዶዎች አያቶቻችንን እንዴት አድርገው እንደገዟቸው፣ ሲሄዱ ደግሞ በወንበራቸው ላይ ማን እንደተቀመጠ፣ ልማት የሚባለው ነገር ከማን ኪስ ወደ ማን ኪስ እንደሚፈስ፣ አንዱ ለምን ዕድሜ ልኩን ተሸካሚ፣ ሌላው ለምን ዕድሜ ልኩን ተቀማጭ እንደሚሆን ያወራል። አነጋገሩ ይከብዳል። አንዱ ዓረፍተ ነገር ሲጀመር ፀሐይ ትወጣለች፣ ሲያልቅ ትጠልቃለች። ነገሩ ግን እውነት ነው፤ እኔ ሳነበው ብዙ ጊዜ ብቻዬን «እውነት ነው እኮ» እል ነበር።

ከመጽሐፉ ጋር አንድ ሰው መጣ። የገጽ ሹም ይባላል፣ ስሙ ማንያዘዋል። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ትሑት ልጅ ነው፤ እናት እንዳሳደገችው አንገትጌው ይመሰክራል። ሥራው የማንበቢያው አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ማን ስንት ገጽ እንዳነበበ በትልቅ መዝገብ መጻፍ ነው። መግባቱን አይጽፍም። አንድ ቀን «ልጄ፣ የገባውንና ያልገባውን በምን ትለያለህ?» ብለው፣ «እማማ፣ መግባት አይታይም፤ ገጽ ግን ይታያል» አለኝ። እኔም ልክ ነው ብዬ ገባሁ።

አዳራሹ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ሁላችንም ሰሌን ላይ ተቀምጠን ነበር የምናነበው። ደስ ይል ነበር፤ አንዱ ያልገባውን ሌላው ያስረዳዋል፣ ልጅ የምታጠባ እያጠባች ታነባለች። ከዚያ ማንያዘዋል ሕዝቡን ላበረታታ ብሎ አንድ ደንብ አወጣ። ከመቶ ገጽ በታች ያነበበ ሰሌን ላይ፣ ከመቶ በላይ ዱካ ላይ፣ ከአምስት መቶ በላይ ደግሞ መድረክ ላይ ይቀመጣል። ለመድረኩ እንጨት ከየት ይምጣ ሲባል፣ የድልድዩ ዝግባ አለ ተባለ።

«ለጊዜው ነው» አለ ሹሙ። «ፈቃድ እስኪመጣ ግንዱ ሥራ ፈቶ ምን ያደርጋል?»

ግንዱ ለወንዙ የተለካ ስለነበር መድረኩ ከአዳራሹ ረዘመ። ግንዱን ማሳጠር ያሳዝናል ተባለና የአዳራሹ የጓሮ ግድግዳ ፈረሰ። አምስት መቶ የሞላቸው ሰዎች ዘጠኝ ሲደርሱ አምስቱ ቤት ውስጥ፣ አራቱ ሜዳ ላይ ተቀመጡ። ዝናብ ሲመጣ ሜዳ ያሉት ከክብራቸው መውረድ ስለማይፈልጉ እዚያው ሆነው ይበሰብሱ ነበር።

ነገሩ በአዳራሹ ቢቀር ጥሩ። አልቀረም። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ «እንደምን አደርክ» ማለት ትቶ «ስንተኛ ገጽ ደረስክ» ይባባል ጀመር። መቶ ላልሞላው ልጅ አንሰጥም ያሉ የሙሽራ ወላጆች አሉ። ለቅሶ ላይ መቶ ያለፈው ፊት ሆኖ ያለቅሳል፣ መቶ ያልሞላው ከኋላ ሆኖ ይቀበላል። ሸማኔው አባ ወልዴ ዘጠና ዘጠነኛው ገጽ ላይ ሲሞቱ ቤተ ዘመዱ ተጨነቀ። ምን ይደረግ? አስከሬኑን አዳራሽ አስገብተው አንድ ገጽ አነበቡላቸው። ማንያዘዋልም «መቶ» ብሎ መዘገበ፤ ባለ ዱካ ሆነው ተቀበሩ። ነፍስ ይማር፣ በሕይወታቸው አንድ ቀን ዱካ አምሯቸው አያውቅም ነበር።

መድረኩ ላይ መጀመሪያ የወጣው ጋሽ አድማሱ ነው። ድሮ ሥራው በቅሎ መሸምገል፣ ማለት ገዢና ሻጭ ማስማማት ነበር፤ አሁን መጽሐፉን ሁለቴ ጨርሶ ሦስተኛውን ጀምሯል። መጽሐፉ ውስጥ ሰውን ከሰው ስለሚለየው ግድግዳ የሚያወራ ምዕራፍ አለ፣ መደብ ይሉታል። እዚያ ሲደርሱ መድረክ ላይ ያሉት ሦስት ቀን ተከራከሩ። ሰሌን ላይ ያለ ሰው በክርክሩ ይግባ አይግባ? በመጨረሻ ጉዳዩ እዚያው መድረክ ላይ ተወያይተውበት ውጤቱ ወደ ታች ይነገር ተባለ። ውጤቱም ተነገረን። ሰው ሁሉ እኩል ነው፣ በአንድ ድምፅ ወስነዋል።

እኔ ሰሌን ላይ ነኝ። የሰባ ገጽ ሰው። ዓይኔ ደክሟል፣ ደግሞ ያነበብኩትን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ጎረቤቴ ጥሩወርቅ ግን ጣቷን ምራቅ እያስነካች ሦስት ሦስት ገጽ ትገልጣለች፤ በአንድ ሳምንት ከሃያ ወደ ሦስት መቶ ደረሰች።

«አንቺ ወርቅያንጥፉ» ትለኛለች ዱካዋ ላይ ሆና፣ «መጽሐፉን ታነቢዋለሽ ወይስ ታሺዋለሽ?»

«ሳይገባኝ እንዴት ልለፈው?»

«መግባትማ ኋላ ይደርሳል። አሁን ዱካ ላይ ውጪ። ከዚህ ሆኜ ሳይሽ ኩርምት ብለሽ ታሳዝኚኛለሽ።»

«ሁዳዴ ነው፣ ጥሩዬ። በጾም ያላነበብኩትን አነበብኩ አልልም።»

«እኔስ የጾም ጊዜ ሲያልቅ ንስሐ እገባለሁ» ብላ ሦስት ገጽ ገለጠች።

ስልሳ አንደኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ ከበታች ያለ ሰው መቀመጫውን ማን እንደሠራው ይጠይቅ። ጠይቅ ካለ ጠይቅ ነው። መጽሐፉን ከድኜ አናጢው ደስይበለው ጋ ሄድኩ። ደጁ ላይ ዱካ ይጠርባል፤ በዚያ ሰሞን የዱካ ያለህ ይባል ነበር።

«ደስይበለው፣ መድረኩን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኛ እትዬ! ማን መስሎሽ ነው?»

«ዱካውንስ?»

«እሱም እኔ።»

«አንተ የት ነው የምትቀመጠው?»

«ሰሌን ላይ ነዋ። አሥራ አራተኛ ገጽ ላይ ነኝ። መጥረቢያ ይዤ በምን እጄ ልግለጥ?»

«አይቆጭህም?»

መጥረቢያውን አስቀምጦ አሰበ። «ይቆጨኛል እንጂ። አሥራ አምስተኛው ገጽ ላይ ምን እንደተባለ ለማወቅ አራት ወር ሙሉ ጓጉቻለሁ።»

ይህንን ለማንያዘዋል ነገርኩት። ጥያቄ የሚጠየቀው ከአምስት መቶ ገጽ በኋላ ነው አለኝ። አይ፣ መጽሐፉ ስልሳ አንድ ላይ ጠይቂ ብሎኛል ብለው፣ «እማማ፣ መጽሐፉ መጽሐፍ ነው፣ ደንቡ ደንብ ነው» አለኝ በትሕትና።

ገና ታኅሣሥ ላይ አማቼ ወንዳፍራሽ ከማዶ አፋፍ ላይ ቆሞ ተጣርቶ ነበር። በጋ ስለሆነ ድምፅ ይሻገራል።

«እማማ! እንዳሻሽ አርግዛለች!»

ከተማው በእልልታ ቀለጠ። እኔ መሬት ስሜ ተነሣሁ። «መቼ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ሐምሌ መጨረሻ!»

«ሳልመጣ እንዳትወልድ በላት!»

«እሺ!»

በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ እናት ከራስጌዋ ትቀመጣለች። እናቴ ለኔ ተቀምጣለች፣ አያቴ ለእናቴ። ያንን ቀን ማጣት ማለት ልጅቷን ለሁለተኛ ጊዜ መዳር ነው፣ ያውም ለባዕድ። ለእመቤቴ ጥላ ተሳልኩ። ከዚያ ገብሴን አስፈጭቼ፣ ቅቤዬን አንጥሬ፣ በሽልም ታውጣት እያልኩ በልቤ ወራት መቁጠር ጀመርኩ። ፈቃድ ግን የለም። ሰኔ ሲገባ ማንያዘዋል ጋ ሄድኩ።

«ልጄ፣ ድልድይ ይቅር። አንዲት ገመድ ብቻ ትዘርጋልኝ። በቅርጫትም ቢሆን እንጠልጠል።»

«ያለ ፈቃድ ወንዝ ላይ የተጋደመ ነገር ከተገኘ ንባብ ከገጽ አንድ ይጀመራል ይላል ደንቡ።»

«ያለኝ ሰባ ሦስት ገጽ ነው። ውሰደው።»

«የእርስዎ ብቻ አይደለም እማማ። የከተማው በሙሉ ነው።»

መድረኩ ላይ ጋሽ አድማሱ ክው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው እኔን ገመድ የያዘች ሴት በሚያይበት ዓይን ያየኝ ነበር። ሻሽ ሳስር እንኳ የሚሰልል ነበረ።

ሐምሌ ሃያ አምስት ቀን መርማሪው መጣ። ሹሙ ዞሮ ነበር የመጣው፤ መርማሪ ግን ማዕረጉ መዞር አይፈቅድለትም፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚመጣው። ቀጥ ብሎ መጥቶ ማዶ አፋፍ ላይ ቆመ። ጥቁር ካፖርት ለብሷል፣ ጃንጥላ የሚይዝለት ሰው አለ።

ፈተናው አፋፍ ለአፋፍ ይሆናል ተባለ። ከተማው በገጹ መጠን ተሰልፎ ወደ አፋፉ ሄደ። መድረክ ላይ ያሉት መሬት ላይ ቆመው መርማሪ ፊት መቅረባቸው ነውር ስለሆነ፣ አርባ ጎረምሳ ያንን ሦስት የዝግባ ግንድ ከነሳንቃው ተሸክሞ አመጣና ከድንጋዩ እግር አጠገብ መድረኩን መልሶ ተከለው። ዘጠኙ ሰዎች ወጡበት። ከሥራቸው ባለ ዱካዎቹ፣ ከዚያ እኛ ጭቃው ላይ። ደስይበለው አጠገቤ ነው።

መርማሪው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። «ድልድይ ለምን የላችሁም?»

ጋሽ አድማሱ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከባሕር ማዶዎች ዘመን ጀምሮ በተተከለብን የጥገኝነት መዋቅር፣ እሱም በፈጠረው የበላይና የበታች ግንኙነት፣ ግንኙነቱም በወለደው...»

ወንዙ ሁሉንም ዋጠው፤ የሚሻገረው አጭር ጩኸት ብቻ ነው።

«አይሰማም! ቀረብ በሉ!» አለ መርማሪው።

«አንተ ቅረብ!» አለ ጋሽ አድማሱ።

«በምን ልምጣ? ድልድይ የለም!»

«እኮ!»

«ለምን የለም?»

«እሱን ልንነግርህ ነው!»

«ንገሩኛ!»

«አይሰማህም!»

«እንግዲያው ቀረብ በሉ!»

እንዲህ እስከ ረፋድ ድረስ ቆዩ። ማንያዘዋል ሁሉንም እየመዘገበ ነው። እኔ በልቤ ውዳሴዬን እደግማለሁ። አንድ ጊዜ ቀና ስል መርማሪው አጠገብ ወንዳፍራሽ ቆሟል፣ ኮፍያ የለው፣ ጫማ የለው።

«እማማ! ምጥ ይዟታል! እማዬን ጥሩልኝ ትላለች!»

የሰሌን ሴቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ «ማርያም ማርያም» አሉ። እኔ ደስይበለውን ክንዱን ያዝኩት።

«የድልድዩ ግንድ የት አለ?»

ደስይበለው በአገጩ አመለከተ። «ተቀምጠውበታል።»

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ መድረኩን ያየው ገና በዚያች ቅጽበት ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ዘጠኝ ወር ያወቅነውን ግንድ። ዘጠኙ ሰዎችም አንገታቸውን አቀርቅረው ከሥራቸው ያለውን ተመለከቱ፤ አንዱ በእጁ ዳበሰው።

ጭቃውን እያቋረጥኩ ሄጄ ጋሽ አድማሱ ፊት ቆምኩ። «ጋሽዬ፣ ስለ እመብርሃን ተነሥ።»

«ወርቅያንጥፉ፣ ይገባኛል» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ግን ግንዱ ከተጋደመ ሁላችንም ገጽ አንድ ነን። ሁለቴ ጨርሻለሁ እኮ! ደግሞ አምስት መቶ ሰማንያ ስምንተኛው ገጽ ላይ፣ ከላይ የተቀመጠ በፈቃዱ አይነሣም ይላል።»

«ከዚያስ? ቀጥሎ ምን ይላል?»

ጋሽ አድማሱ ወንዙን አየ፣ ማንያዘዋልን አየ፣ ወደኔ ጎንበስ አለ። «እሷን ገጽ ዘልያታለሁ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ምን አለ?» አለች ጥሩወርቅ ከዱካዋ ላይ።

«ዘልያለሁ አለ!» አልኩ ጮክ ብዬ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ጥሩወርቅ ናት የጀመረችው። «እኔም!» ብላ ሳቀች፣ ዱካዋንም ጥላው ተነሣች። «ሁለት መቶ ሰማንያውን!» ቀጥሎ ባለ ዱካው ሁሉ እኔም እኔም ይል ጀመር። ጋሽ አድማሱ ካፖርቱን ሰብሰብ አደረገና ከመድረኩ ወረደ። «ለነገሩ መልሶ ማንበብ አይከፋም» አለ። «ያመለጡኝ ነበሩ።» ሌሎቹ ስምንቱም ወረዱ፤ አንዱ ብቻ እግሩ ደንዝዞ ተሸክመን አወረድነው።

የቀረውን ደስይበለው ጨረሰው። ያ አሥራ አራት ገጽ ያነበበ ሰው ያን ቀን ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ «አንተ ያዝ፣ አንቺ ገለል በይ» እያለ ሲያዝ፣ መድረክ ሠሪ መሆኑን ረሳሁት። ወንዳፍራሽና ጎረቤቶቹ ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስረው ወረወሩ፤ ከወዲህ ገፋን፣ ከወዲያ ጎተቱ። መርማሪው ሳይቀር ከጃንጥላው ሥር ወጥቶ ገመድ ያዘ፣ ኋላ ጎትተህ ነበር ሲሉት ግን አላመነም አሉ። ግንዱ ለወንዙ የተለካ ስለሆነ ልክክ ብሎ ገባ። ሳንቃው ሲደረደር ገና ስምንት ሰዓት ነበር።

ጥቅሌን አነሣሁ፤ ገብሱ፣ ቅቤው፣ የጸሎት መጽሐፌ። ወደ ድልድዩ ስሄድ ማንያዘዋል መዝገቡን ታቅፎ በድልድዩ አፍ ላይ ቆሟል። ልጁ ክፉ አይደለም እኮ። ሰው ሊያልፍበት የሚፈልግ ነገር ካየ ግን እዚያ ላይ ካልቆመ አያስችለውም።

«ድልድይ ካለ ተራ አለ» አለ። «ገጽዎ ስንት ነው እማማ?»

«ሰባ ሦስት።»

«መቶ ያልሞላው በመጨረሻ ነው የሚያልፈው።»

«ልጄ ምጥ ላይ ናት፣ አንተ!»

መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረገ። የእውነት ፈለገልኝ። «ምጥ የሚል በደንቡ ውስጥ የለም» አለ፣ አዝኖ።

ከኋላዬ ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። እኔ ልገፋው እችል ነበር፤ እንደ ሸምበቆ ነው። እናቱ ትዝ አለችኝና ተውኩት። «ልጄ» አልኩት፣ «አንተስ? ያንተ ገጽ ስንት ነው?»

«የኔ?»

«ያንተ።»

ሳቅ ሊል ፈልጎ ተወው። መዝገቡን ከፍቶ በጣቱ ወደ ታች ወረደ። ገለጠ። ወረደ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ዘጠኝ ወር ሙሉ በር ላይ ቆሞ ገጽ ሲጽፍ አንድም ቀን አልተቀመጠም፣ አንድም ገጽ አላነበበም፤ የጠየቀውም ሰው የለም።

«ስሜ የለም» አለ በመጨረሻ፤ ገበያ መሀል እናቱ የጠፋችበት ልጅ መሰለ።

«ስሙ የሌለውን ሰው ደንቡ የት ቁም ይለዋል?»

«ከሁሉም ኋላ» አለ። ደንብ አክባሪ ልጅ ነው፤ መዝገቡን ከደነና በሰልፉ ጎን እየተራመደ፣ ዱካዎቹን አልፎ፣ ሰሌኖቹን አልፎ፣ መጨረሻ ላይ ደስይበለው ኋላ ሄዶ ቆመ። ደስይበለውም «ግባ ግባ፣ ቦታ አለ» አለው።

እኔ ተሻገርኩ። መሀሉ ላይ ግንዱ ተንቀጠቀጠ፤ የቱን ጸሎት እንደጀመርኩ፣ የቱን እንደጨረስኩ አላውቅም።

ስደርስ እንዳሻሽ የአልጋውን ቋሚ አንቃ ይዛዋለች። አየችኝ፣ አለቀሰች፣ ተቆጣች።

«እማዬ! ዘጠኝ ወር ሙሉ የት ነበርሽ?»

«መጽሐፍ ሳነብ።»

«መጽሐፍ!» ብላ ጮኸች፣ ቀጥሎ የጮኸችውን አልጽፈውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሴት ልጅ ወለደች። ማርያም ማረቻት። ገንፎውን እየተጣደፍኩ አገነፋሁ፤ ጓጎለ፣ ማንም አልተናገረኝም።

ሰማንያ ቀን ቆየሁ፣ ክርስትናዋ እስኪደርስ። በዚያ መሀል የከተማዬን ወሬ ወንዳፍራሽ ያመጣልኝ ነበር። መርማሪው ተሻግሮ ፈተናውን ቀጥሏል፣ የሚቀመጥበት ስላልነበረ ቆሞ። ሲጨርስ የጻፈው እንዲህ ነው አሉ፦ ድልድይ ለምን የላችሁም ተብለው ሲጠየቁ አለን ብለው መለሱ፤ ስለዚህ ጥያቄው አልገባቸውም። ፈቃድ ተከለከልን። ድልድያችን በካርታ ላይ የለም። በየቀኑ ሰውና አህያ በሌለ ድልድይ ይሻገራል። ከተማውም በሙሉ ወደ ገጽ አንድ ተመለሰ፤ ሁሉም ሰሌን ላይ ነው፣ ጋሽ አድማሱ አምስተኛው ገጽ ላይ እየሳቀ ነው፣ ጥሩወርቅ አንድ በአንድ ትገልጣለች አሉኝ። ደስይበለውም አሥራ አምስተኛውን ገጽ አገኘው። ምን ይላል ብትሉት፣ «ቆይ፣ ገና አልጨረስኩትም» ይላል አሉ።

ተመልሼ ስሻገር መስኩ አበባ ለብሷል። በድልድዩ አፍ ማንያዘዋል ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። መዝገቡ የለም። መጽሐፉ ጭኑ ላይ ነው፣ ጣቱ መስመሩ ላይ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሰው ሲያልፍ ቀና አይልም። እኔ ግን ሳልፍ ቀሚሴን ያዘኝ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እዚህ ሦስተኛው ገጽ ላይ... ባሕር ማዶዎች በየማቋረጫው የሚያቆሙት አንድ ሰው ነበር ይላል። የአገሩ ልጅ ነው። ክፉ አይደለም። ዝም ብሎ አላፊውን ይጽፋል።» ጣቱን ከመስመሩ ሳያነሣ አየኝ። «እኔን አይደለም አይደል?»

ጥቅሌን አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጉልበቴም እረፍት ፈልጎ ነበር።

«እኔ እኮ» አልኩት፣ «የጸሎት መጽሐፌ "ኃጥእ" ባለ ቁጥር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥሩወርቅን ነበር የማስበው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንድ ቀን ስናወራ፣ እሷም እዚያው ቦታ ስትደርስ የምታስበው እኔን እንደሆነ ነገረችኝ።»

ሊስቅ አፉን ከፈተ፣ ተወው። ወደ መጽሐፉ ተመልሶ ያቺኑ መስመር ከመጀመሪያዋ ጀመራት፣ አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ።